ሎሚ የበላው አንቀልባ

«ስንት ሰዓት ነው የነከርከው?» አለች ማንጠግቦሽ፣ እጇን እስከ ክርኗ ሳፋው ውስጥ ከትታ።

ሰውመሆን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«እየጠየቅኩህ ነው። ስንት ሰዓት?»

«ከትናንት ማታ ጀምሮ» አለ። «ግን በደንብ ነው የጸዳው። እይው እስቲ እንዴት እንደነጣ።»

አንቀልባውን ከሳፋው ስታወጣው ቢጫ ውሃ ተንጠፈጠፈ። የሎሚ ሽታ የሰውመሆንን ግቢ ሞላው። እኔ ባጃጄን ተደግፌ ቆሜያለሁ፤ ማንጠግቦሽን ከመናኸሪያ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሎሚውንም ከገበያ ያመጣሁት እኔው ነኝ፣ ሁለት ኪሎ። ስለዚህ አፌን ዘግቼ የጎማ ንፋስ የማይ መሰልኩ።

ማንጠግቦሽ ጠርዙ ላይ የተሰፉትን ዛጎሎች ገለበጠች። ነጥተዋል፣ እውነት ነው። ግን ያ የሚያንጸባርቀው ገላቸው ጠፍቶ እንደ ግድግዳ ልስን ሆነዋል። አንዷን በአውራ ጣቷ ስትነካት ዱቄት ወረደ።

«ዛጎል ከምንድን ነው?» አለችው።

«ከ... ከኖራ።»

«ኖራ ላይ ሎሚ ሲፈስበትስ?»

ሰውመሆን ሳፋውን አየ። እኔን አየ። ፊቱ ቀስ በቀስ ሲለወጥ ታየኝ፤ ነገሩ ገና አሁን መድረሱ ነው።

«ይበላዋል» አለ።

«ጎበዝ» አለች ማንጠግቦሽ። «አልፈሃል።»

አንቀልባው የሰውመሆን እናት የእትዬ ጸሐይነሽ ነው። ከአያታቸው የወረደ ቆዳ ነው፤ በዚያ ቤት ልጅ በታዘለ ቁጥር አንድ ዛጎል ይሰፋበታል። ሃያ ሦስት ደርሷል። አንዷ ትንሽ ዛጎል ብቻ በቀይ ክር ነው የተሰፋችው። አራት ወር ታዝላ የሞተች የሰውመሆን ታላቅ እህት ናት።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ ጸሐይነሽ ይሄን አንቀልባ ከግድግዳ አወረዱና ለማንጠግቦሽ ሰጧት። «ቅቤ ቀቢና አለስልሺው። ከሦስት ሳምንት በኋላ እሁድ ይዘሽው ነይ፤ ዘመድ ባለበት እኔ ራሴ ትከሻሽ ላይ አደርገዋለሁ» አሏት።

ዘመድ ባለበት ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ማንጠግቦሽ የሸክላ ሠሪ ልጅ ናት። እኛ ፎገራዎች ሩዝ እናርሳለን፣ ከብት እናረባለን፣ ሸክላ ሠሪው በሠራው ድስት ወጣችንን እንበላለን፤ ልጁን አግቡ ስንባል ግን ዓይናቸው፣ እጃቸው፣ ምናምን እንላለን። እኔ ሳወራው ራሱ ይደክመኛል። የሰውመሆን አጎት ጋሼ ደረሰ ሁለት ዓመት ሙሉ እንቢ እንዳሉ ናቸው። እትዬ ጸሐይነሽ ሳይጨቃጨቁ በዚያ አንቀልባ ሊመልሱላቸው ነበር።

እና ማንጠግቦሽ ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ ባሕር ዳር ስትጠራ አንቀልባውን ለሰውመሆን ሰጥታ «ቅቤ ብቻ። ሌላ ነገር እንዳታስነካው» ብላ ሄደች። ቅቤውን ቀባ። ከዚያ ዛጎሎቹ በጭስ ብዛት ቢጫ ሆነው ታዩት። እናቱ የነሐስ ሳህን በሎሚ ስታጸዳ እያየ ያደገ ልጅ ነው። ስትመጣ ላስደንቃት አለ። አስደነቃት።

አሁን የሚያናድደውን ስሙኝ። ማንጠግቦሽ ባሕር ዳር የምታጠናው ዛጎል ነው።

የተገናኙት በሩዝ ገለፈት ነው። ሰውመሆን እዚሁ ወረታ፣ የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገነጠልበት አለፍ ብሎ፣ የሩዝ መፈልፈያ ማሽን ላይ ይሠራል። ማንጠግቦሽ ጆንያ ይዛ መጣች፤ እናቷ እትዬ ይርጋለም ገለፈቱን አድቅቀው ሸክላው ጭቃ ውስጥ ይጨምሩታል።

«ይሄን ከብት እንኳን አይበላው። ምን ታደርጊበታለሽ?» አላት፣ ከጸጉሩ እስከ ጫማው አቧራ ለብሶ።

«ጭቃ ብቻውን እሳት ሲያይ ይሰነጠቃል። የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።»

«እኔንም የሚይዘኝ ነገር ያስፈልገኛል።»

«አንተን የሚያስፈልግህ ሳሙና ነው» አለችውና ጆንያዋን ተሸክማ ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታጥቦ፣ ሁለት ጆንያ ሞልቶ ጠበቃት። ዓይኗን ሰብራ ሳቀች። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ላይ ናቸው። እሱ ከሩዝ ማሳው ዳር የቀንድ አውጣ ቅርፊት ይለቅምላታል፣ እሷ ትነግረዋለች። የሚያወሩት ባጃጄ ውስጥ ስለሆነ እኔም ተምሬያለሁ።

ኖራ ለብቻው ሲሆን የትም ይከመራል ትለዋለች፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር። የባሕሩ እንስሳ ግን መጀመሪያ ከገላው እንደ ድር ያለ ስስ ነገር ያወጣል። ኖራውን እዚህ ተቀመጥ፣ እዚያ አትድረስ፣ በዚህ በኩል ተኛ የሚለው ያ ድር ነው። ከመቶ እጅ አምስት እንኳን አይሞላም። እሱ ባይኖር ግን ዛጎል የለም። «ኖራ በጣትህ ይፈረፈራል፤ ዛጎል በጥርስህም አይሰበር። ድንጋያቸው ግን አንድ ነው። የማሳው ቀንድ አውጣም ቤቱን የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው» ትለዋለች።

ሰውመሆን ከንፈር ከንፈሯን እያየ «እሺ» ይላል። «እሺ፣ እሺ፣ ግሩም ነው» ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ።

ወደ ሳፋው ልመለስ። ማንጠግቦሽ አንድ በአንድ እየቆጠረች ቀይ ክሩ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ትንሿ ዛጎል የለችም። ድሮም በመታሸት ብዛት ሳስታ ነበር። ክሩ ላይ የቀረችው እንደ ወተት ስልባቦት ያለች ቆዳ ናት፤ የዛጎሏን ቅርጽ ይዛ፣ ትንፋሽ ሲነካት ትንቀጠቀጣለች።

«ይቺን ታውቃታለህ?» አለችው።

«እህቴ ናት» አለ። ድምፁ ወረደ።

ማንጠግቦሽ ልትቆጣው አፏን ከፈተችና ተወችው። ግንባሯን ደረቱ ላይ አስደግፋ ቆመች፤ ሎሚ የነካው እጇ ልብሱን እንዳያበላሽ ወደ ጎን ዘርግታዋለች። እሱም ሊያቅፋት ፈርቶ እጁ አየር ላይ ቀረ። እንደዚያ ቆመው ሳያቸው፣ እነዚህ ሁለት ሰዎች ወይ ይጋባሉ ወይ እኔን ያሳብዱኛል አልኩ።

«ለእናትህ ደውል» አለች ቀና ብላ።

«እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም።»

«ታዲያ?»

«እሁድ በራሴ አፍ እነግራታለሁ።»

«ያ ሁሉ ሰው ባለበት?»

«ገና ሳንቀመጥ እነግራታለሁ አልኩሽ።»

«ሰውመሆን፣ ስማኝ። አንተ ከሆንክ ሎሚ ነው ይባላል። እኔ ከሆንኩ ግን ሌላ ስም ነው የሚወጣለት። ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

በማግስቱ ገበያ ወጣን። ጌጥ የምትሸጠው ሸዋዓለም የላስቲክ ዛጎል ዘረገፈችልን። «ማንም አይለየው» አለች። ሰውመሆን ዓይኑ በርቶ መርፌና ክር ሁሉ ጠየቀ። ማንጠግቦሽ አንዱን አንስታ ጥርሷ ላይ ኳ አድርጋ መለሰችው።

«ላስቲክ ሰፍቼ እናትህ ቤት አልገባም። እውነቱን ትናገራለህ፣ አለቀ።»

«እሺ» አለ። ያንን እሺ አውቀዋለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቷል፣ ሩዙ አረንጓዴ ነው። ባጃጄን ሁለት ቦታ ጭቃ ያዛትና እነሱ ከኋላ ገፉ። ሲገፉ ራሱ ይጨቃጨቃሉ።

«ምን ብለህ ነው የምትጀምረው?»

«እማዬ ብዬ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ይመጣልኛል።»

«አይመጣልህም። አውቅሃለሁ እኮ።»

«ምነዋ አታምኚኝም?»

«ግፋ ዝም ብለህ» አለችው። ጭቃው ፊቱ ላይ ተፈናጥቆ ስታይ ግን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት።

ስንደርስ ቤቱ ሞልቷል። ጋሼ ደረሰ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ጎረቤታቸው እትዬ ሰርክ። ሰውመሆን ደጃፉ ላይ «እማዬ...» ብሎ ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ጀምሮ ነበር። እናቱ ግን ጉንጩን ሦስት ጊዜ ስመው «ግባ፣ ግባ፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አሉት። አፉ እንደተከፈተ ገባ። ተቀመጠም።

«ልጄ፣ አንቀልባዬን» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ እጃቸውን ዘርግተው። ማንጠግቦሽ ከነጠላዋ ፈታ ሰጠቻቸው።

ጠርዙን በጣታቸው ዳሰሱት። ዱቄቱ ጣታቸው ላይ ቀረ። ቀይ ክሩ ጋ ደረሱና ቆዩ።

«ምን አገኘው?» አሉ። ያዩት ልጃቸውን አልነበረም። ማንጠግቦሽን ነው።

ማንጠግቦሽ ሰውመሆንን አየችው። ሰውመሆን እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«እኔ ምን ብዬ ነበር» አሉ እትዬ ሰርክ፣ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው። «ዓይን ያረፈበት ነገር እንዲህ ከውስጥ ነው የሚያልቅ።»

ጋሼ ደረሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሊሉ ያሰቡትን እትዬ ሰርክ ብለውላቸዋል።

አሁን በል፣ አልኩ በሆዴ። አሁን በል እንጂ አንተ ሰው። የሰውመሆን ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። በኋላ ስጠይቀው «ሰው ሁሉ ሲያየኝ ጊዜ...» አለኝ። ማንም አላየውም እኮ። ሰው ሁሉ የሚያየው እሷን ነበር።

ማንጠግቦሽ ጠበቀችው። ብዙ ነው የጠበቀችው። ከዚያ ተነስታ የእትዬ ጸሐይነሽን ጉልበት ሳመች።

«እትዬ፣ ይህን ያደረግኩት እኔ አይደለሁም። ያደረገው ሰው እዚሁ አለ፤ እሱ ይንገርዎ።»

ወጣች። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ ስትሄድ በመስኮቱ አየኋት። ነፋስ የገፋው በር ከኋላዋ ተዘጋ።

በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ ይታያችሁ፣ ከተዘጋ በኋላ ሰውመሆን ተናገረ።

«እኔ ነኝ። ሎሚ ውስጥ ነክሬው ነው።»

«እሱማ ትላለህ» አሉ ጋሼ ደረሰ በሐዘኔታ። «ፍቅር ያስዋሻል፣ ልጄ። አንተ ብትሆን ኖሮ እሷ ቁጭ ብላ ሳለ አትናገርም ነበር?»

ትክክል ናቸው። የሚያቃጥለውም እሱ ነው።

«እውነቴን ነው። ዘመነን ጠይቁት።»

«ሎሚውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጓደኛው አይደለህ» አሉ እትዬ ሰርክ። የእኔ ምስክርነት እዚያ ላይ አበቃ።

ያኔ ሰውመሆን ብድግ ብሎ ጓዳ ገባ። ዶሮው የታጠበበት ሎሚ ተርፎ ነበር፤ ኩባያ ውስጥ ጨምቆ ይዞ ወጣ። ከደጅ፣ ከማሳው ዳር፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አንስቶ ውስጡ ጣለው። ጽጽጽ አለ። አረፋ ተነሳ። ጋሼ ደረሰ አንገታቸውን አሰገጉ።

«ያስተማረችኝ እሷ ናት» አለና ጀመረ። ኖራውን፣ ድሩን፣ እዚህ ተቀመጥ እዚያ አትድረስ የሚለውን፣ ማንቆርቆሪያውን። አንዳንዱን ገለባብጦታል። እኔ ግን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ለካ ይሰማ ነበር። «እሺ፣ እሺ» ሲል ሁሉ ይሰማ ነበር።

ዶሮው ቀረበ፣ ማንም አልቆረሰም። ሰውመሆን ሎሚ እየጨመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ኩባያው ላይ ተቀመጠ። በመጨረሻ በስንጥር አውጥቶ መዳፉ ላይ አደረጋት፤ የቀንድ አውጣውን ጥምዝ የያዘች ስስ ቆዳ።

«ዓይን አይደለም» አለ። «ሎሚ ነው። ድንጋዩን ይበላል፣ ይቺን ይተዋታል።»

እትዬ ጸሐይነሽ መዳፉን አላዩም። ፊቱን ነበር የሚያዩት።

«አሥራ ሁለት ዓመትህ ነበር» አሉ። «የብር መስቀሌን ላብራልሽ ብለህ በአሸዋ አሽተህ የተቀረጸበትን ሐረግ ያጠፋኸው። ሦስት ቀን ሙሉ ድመቷ ናት አልክ።»

ጋሼ ደረሰ ሳቅ አመለጣቸው። እትዬ ሰርክ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«አትሳቁ» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ። «ያኔ ድመት ነበረች። ዘንድሮ ሰው ናት። አንቀልባዬን ሎሚ በላው፣ ይሁና። ልጅቱን ከቤቴ ያስወጣት ግን ሎሚ አይደለም። እኔም ነኝ፤ አንተን መጠየቅ ሲገባኝ እሷን ጠየቅኩ።»

አንቀልባውን አጠፉና ለእኔ ሰጡኝ። ለሱ አይደለም፣ ለእኔ።

«ዘመነ፣ አንተ አድርስላት። እንዳይታጠብ፣ እንዳይቀባ፣ እንዳለ ነው። ልጄን ብትፈልገው ትውሰደው። ባትፈልገውም አንቀልባው የሷ ነው በላት። የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ በሱ በኩል አይደለም።»

ጋሼ ደረሰ አንድ ነገር ሊሉ ቀና አሉ። እህታቸው እትዬ ጸሐይነሽ አዩዋቸው። ተዉት።

«ይቺስ?» አልኩ ቀይ ክሩን እያየሁ።

«እንዳለች ትሁን። አራት ወር ነው የቆየችልኝ» አሉ። «ቅርጿ አለ።»

ዛሬ ጠዋት ይዤላት ሄድኩ። ሰውመሆን ባጃጁ ውስጥ ነበር፤ እነማንጠግቦሽ በር ስንደርስ ወርዶ አጥሩ ጋ ቆመ። እሷ ግቢው ውስጥ ጭቃ እየረገጠች ነው። እትዬ ይርጋለም አንድ ገንቦ እያለሰለሱ ተቀምጠዋል። የእትዬ ጸሐይነሽን ቃል አንድ ሳላጎድል ነገርኳት። እግሯን ታጠበች፣ እጇን ታጠበች፣ አንቀልባውን ተቀበለች፤ ቀይ ክሩን ብዙ አየችው።

«ሁሉንም ነገራቸው?» አለችኝ።

«ማንቆርቆሪያውን ሳይቀር።»

ወደ አጥሩ ዞረች። «ትሰማኝ ነበር ማለት ነው።»

«ሁሉንም» አለ ሰውመሆን።

«ይሄማ ይባስ። ባትሰማ አንድ ነገር ነው። ሰምተህ፣ ገብቶህ፣ ሎሚ ጨመርክበት?»

«ያንቺ ዛጎል የባሕር ዳሩ ነው የመሰለኝ። የእናቴ ደግሞ... የእናቴ ነው። አላገናኘሁትም።»

የእትዬ ይርጋለም ትከሻ በሳቅ ተንቀጠቀጠ። ማንጠግቦሽም ልትስቅ ነበር፣ አይቻታለሁ፤ ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው።

«እስከ ሾላው ድረስ» አለች ከዚያ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከደጃችሁ እስከ ትልቁ ሾላ ድረስ ዞር እያልኩ ነው የሄድኩት። ስንት እርምጃ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

እንደ እሁዱ አልሆነም፤ ሰውመሆን ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው የተናገርኩት» አለ። «አውቃለሁ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈርቼ ነው።»

«እናትህ አንቀልባውን ያለ አንተም ሰጥተውኛል። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«ስለዚህ አንተን እሺ የምልህ ለአንቀልባው ብዬ አይደለም፣ ለእናትህ ብዬ አይደለም፣ ጋሼ ደረሰን ላሳፍር ብዬም አይደለም። አንተን ከፈለግኩህ ብቻ ነው።»

«አዎ።»

«ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር እመለሳለሁ። ሳልሳፈር ትሰማለህ።»

እሱ ራሱን ነቅንቆ በእግሩ ወደ ማሽኑ ሄደ። እስከ መታጠፊያው አራት ጊዜ ዞሮ አያት። እሷም አጥሩን ይዛ ቆማ ነበር፤ አራቱንም ጊዜ አይታዋለች። ከዚያ ወደ እኔ መጣች።

«ሎሚውን ማን ገዛው?» አለችኝ።

«እኔ።»

«እሁድስ፣ ጣሪያው ላይ ምን ነበር?»

«ምንም።»

«እንግዲያው አሁን ዝም አትለኝም። መናኸሪያ እስክታደርሰኝ ጊዜ አለህ። በሩ ከተዘጋ በኋላ የተናገረ ሰው፣ ሌላ ቀን ሳይዘጋ ይናገራል ብለህ ታምናለህ?»

ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሯ ላይ ነኝ። ከበሯ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ ሰውመሆን መናኸሪያው ላይ ቀድሞ ይጠብቃል። ይናገራል ብዬ ባይናገርስ? አይናገርም ብዬ ቢናገርስ? ጓደኛዬ ነው፣ እሷም እንደ እህቴ ናት፣ እኔም እሁድ አፍ ነበረኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ?